ዝም ያለው ጎማ

እስቲ እነዚህን እግሮች እዩአቸው። ከነጭ ሚኒባስ ሆድ ሥር ወጥተው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተዘርግተዋል። የግራው ጫማ ተረከዝ ወደ ውጭ ተበልቷል፤ የቀኙ ማሰሪያ ከተበጠሰ ቆይቶ በመዳብ ሽቦ ተተክቷል። አላፊ አግዳሚው የተገጨ ሰው መስሎት ክው ይላል፤ ጠጋ ሲል ከሥር የማንጎራጎር ድምፅ ይሰማና እየሳቀ መንገዱን ይቀጥላል። እናንተ ግን ቁሙ። መኪና ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው አንገታችን እስኪጣመም ነው የምናየው፤ መኪና ሥር የተኛውን ለማየት ጎንበስ በሉ ስንባል ግን ወገባችንን ያመናል።

የእግሮቹ ባለቤት ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ሰፈሩ ጋሽ ትንፋሽ ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። አንድ ቀን ጉንፋን ጥሏት ተኝታ ሳለ አልጋዋ አጠገብ ቆመና፣ ልክ ጎማ እንደሚፈትን፣ ትከሻዋን በአውራ ጣቱ ጫን ለቀቅ አድርጎ፣ "ትንፋሽሽስ እንዴት ነው?" አላት። ሴትዮዋ ትኩሳቷን ረሳችው።

"ምነው፣ ጎደልኩብህ? ልትነፋኝ ነው?"

ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሰማ፤ ስሙ እዚያው ተለጠፈበት። እሱም አልተቀየመም። "ሰው ሁሉ በትንፋሹ አይደል የሚኖረው?" ይላል።

ሥራ ቤቱ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር ያላት አንዲት ክፍል ናት። በሩ ሥር ሳል የያዘው ኮምፕረሰር፣ ከጎኑ ቀዳዳ የሚፈለግበት ጥቁር ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል፣ ግድግዳው ላይ እንደ ቁመታቸው የተሰቀሉ የጎማ ማውለቂያ ብረቶች አሉ። ክፍሏን መጋረጃ ይከፍላታል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች። ኮምፕረሰሩ ሲያጓራ እሷ መርፌዋን ታቆማለች፤ ሲያርፍ ትቀጥላለች። ትዳራቸው እንዲህ ተራ እየጠበቀ ሲያወራ የኖረ ትዳር ነው። ጎማውን ለእሱ፣ ሱሪውን ለእሷ ሰጥቶ ሁለቱንም አስጠግኖ የሚሄድ ደንበኛ አለ። ሀብታሞች አይደሉም። ግን አመሻሹ ላይ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ሻያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ሲቀመጡ ያያቸው ሰው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል።

ሥራውን የጀመረው በእጅ ፓምፕ ነው። ያኔ ጎማ ማለት ጎማ ነበር፤ ላስቲክና አየር፣ አለቀ። ኋላ ግን ጎማ ምላስ አወጣ። አዳዲሶቹ መኪኖች በየቸርኬው ውስጥ፣ አየር መንፊያዋ ሥር፣ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር አላቸው። ሴንሰሯ የጎማውን አየር እየለካች በሬዲዮ ታወራለች፤ መኪናው ወለል ሥር ያለች ሳጥን ታዳምጣለች፤ የሆነ ነገር ከጎደለ ሹፌሩ ፊት ቢጫ መብራት ትበራለች። ጋሽ ትንፋሽ የመጀመሪያዋን ሴንሰር የተዋወቃት በማውለቂያ ብረት ሰባብሯት ነው። ከፋብሪካ ተረስታ የቀረች ቆሻሻ መስላው ነበር። ባለመኪናው ተመልሶ ሲመጣ አልካደም፤ ሌላ ተካለትና የተሰበረችውን ለራሱ አስቀረ። በምላጭ ከፍቶ ባትሪዋን፣ የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉ ዕቃዎቿን እያገላበጠ ሲያይ ዋለ።

"ይችን የምታህል ነገር እውነቱን ትናገራለች፤ እኔ ምን ሆኜ እዋሻለሁ?" አላት ለሚስቱ።

"እሷማ ምሳ አትበላ" አለችው።

እግሮቹ የወጡበት ሚኒባስ የእህቱ ልጅ የምትነዳው ነው። ይህች ሹፌር የኩላሊት ሕሙማንን ከየቤታቸው ሰብስባ ለእጥበት ሆስፒታል ታደርሳለች፤ ደማቸው ታጥቦ፣ ጉልበታቸው ተሟጦ ሲወጡ ደግፋ አሳፍራ ትመልሳለች። ማን ፊት ለፊት መቀመጥ እንደሚወድ፣ ማን መስኮት ሲከፈት እንደሚበርደው፣ ማን ከእጥበት በኋላ ወሬ መስማት እንደማይፈልግ ታውቃለች። አንዲት አሮጊት የጥሩምባዋን ድምፅ ሲሰሙ "እግሬ መጣች" ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ ሥራ የሚወድ ሰው ብዙ አይገኝም። እሷ ትወደዋለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሕሙማኑን መልሳ እንደጨረሰች መኪናዋን ደጃፉ ላይ አቆመችና ሳትወርድ በመስኮት ተጣራች።

"ጋሼ፣ ና ጉዴን ስማ።"

"ጉድሽ መቼ አልቆ ያውቃል። መጀመሪያ ውረጂ።"

"ነገ ጠዋት የዓመቱ ምርመራ ነው። ይህች መብራት ካልጠፋች መኪናዋ አታልፍም። ካላለፈች ደግሞ አለቃዬ መስመሩን ለሌላ ድርጅት እሰጠዋለሁ ብሏል። የሚመጡት ከነሹፌራቸው ነው።"

"አንቺስ?"

"እኔማ እቤቴ ቁጭ።"

ጋሽ ትንፋሽ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ቆየችና በርታ ቀረች።

"አየር አልጎደለም" አለ።

"እኔስ ለክቼው የለ። ሁሉም ሙሉ ናቸው።"

"አየር ቢጎድል ዝም ብላ ትበራ ነበር። እንዲህ መጀመሪያ ስታርገበግብ ወሬ ተቋርጧል ማለቷ ነው። ወይ ከአራቱ አንዱ አይናገርም፣ ወይ ሳጥኗ አትሰማም። መቼ ጀመራት?"

"ከታጠበች ወዲህ። አዲስ በሽተኛ ይመጣል ሲባል ውስጧን ውጯን አሳጠብኳት፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም የለኝም።"

መኪናዋን እየዞረ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ዳሰሰ። የኋላው ቀኝ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ጥርሱ ያልተነካ አዲስ ጎማ ነው።

"አለቃሽ ኪሱን ፈታ እንዴ? ጎበዝ፣ አዲሱን ከኋላ አድርገሽዋል።"

"አንተ ያስተማርከኝን መቼ ረሳሁ።"

ደስ ብሎት አለፈ። ቀጥሎ ዓይኑ መሪው አጠገብ የተሰካ፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ነገር ላይ አረፈ።

"ይህ ጭፈራ ቤት ደግሞ ምንድነው?"

"የስልክ ቻርጀር ነው፤ ምን አደረገህ?"

"እኔን ምንም። ርካሽ ቻርጀር ግን ሬዲዮ ይረብሻል። አራቱ ጎማ እያወራ እሱ መሀል ገብቶ ሲንጫጫ ሊሆን ይችላል። ንቀዪው።"

ነቅላ ሰፈሩን ዞራ መጣች። መብራቷ እንደነበረች ናት። ቻርጀሩ ንጹሕ ወጣ።

ከዚያ ጎረቤቱ ተጠራ። ቀጥሎ ባለው ክፍል የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሽቦ ይሉታል፤ ቅጥነቱም ሥራውም አንድ ላይ የሰጡት ስም ነው። ሽቦ ሴንሰር የሚጠይቅ መሣሪያ አለው። ስልክ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ አጭር አንቴና አለው። ጎማ አጠገብ አድርጎ ሲጫነው የተኛችውን ሴንሰር ይቀሰቅሳል፤ እሷም አየሯ ስንት እንደሆነ ትመልሳለች። የፊት ግራ መለሰ። የፊት ቀኝ መለሰ። የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ ሁሉም መለሱ።

"አራቱም አፍ አላቸው" አለ ሽቦ። "እንግዲያው ደንቆሮዋ ሳጥኗ ናት። ታጥባለች ተብሎ የለ? ውሃ ገብቶባታል።"

ጋሽ ትንፋሽ ካርቶን አነጠፈና መኪናዋ ሥር ገባ። እንግዲህ ያያችኋቸው እግሮች ይህን ጊዜ ነው የተዘረጉት። የሳጥኗን መሰኪያ ነቀለ፤ አሸተተው፤ በባትሪ አየው፤ ጫፎቹን በጨርቅ ጠረገ፤ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ተከተለው። ሲወጣ ፊቱ አቧራ ለብሷል።

"ደረቅ ነው። ውሃ የሚባል አልደረሰበትም።"

"እንግዲያው ራሷ ሞታለች" አለ ሽቦ። ስልኩን አውጥቶ ዕቃ ሻጮቹ ጋ ደወለ። አንዱ የለንም አለ፤ ሌላው ታዝዞ ከውጭ ይምጣ አለ፤ ሦስተኛው ስልኩን አላነሳም። ሹፌሯ የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ በቃ መብራቷን ዝም አሰኝልኝ" አለች።

ሽቦ አላመነታም። "እሱማ ቀላል ነው። ከጀርባ ቆርጬ፣ ቁልፍ ሲዞር በርታ እንድትጠፋ አድርጌ አስራታለሁ። መርማሪው ምን ያውቃል። ስንቱን አሳልፌ የለ።"

ስንቱን አሳልፌ የለ። ይህን ቃል በጆሯችሁ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ወይ ዕድለኞች ናችሁ ወይ ውሸታሞች። መብራት ሲበራ ምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቶ መብራቱን የሚያጠፋ በዝቷል። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ፣ ልጅ ሲያለቅስ ስልክ፣ መኪና ሲናገር ጥቁር ፕላስተር። የታመመ ሰው አጠገብ ያለ መሣሪያ ሲጮህ ድምፁን ቀንሱልን ብሎ የሚለምን ዘመድ አታውቁም? እኛ ነን እኮ። ሽቦ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ በክፉ ሰው ላይ መጮህ ማንም ይችላል። ደግ ሰው ነው፤ ልጅቷ አሳዝናው ነው፤ ምንም አልጠየቃትም። በደግነት የተሸፈነ አደጋ ነው ደም የሚያፈላው፤ አመስግናችሁ ትቀበሉታላችሁና።

ጋሽ ትንፋሽ አልተቆጣም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቃት።

"ነገ ከጎንሽ የሚቀመጠው ማነው?"

"አሮጊቷ።"

"ጎማው ቀስ እያለ ቢተነፍስ፣ መብራቷም ዝም ካለች፣ ማን ይነግርሻል?"

"ወርጄ አያለሁ።"

"ቁልቁለቱን እየወረድሽ?"

"ታዲያ ሥራዬን ልጣ ጋሼ?" ከደረጃው ሳትነሳ ቀና ብላ አየችው። "አንተ ሁልጊዜ ልክ ነህ። ልክ መሆን ግን ለኔ ነገ ጠዋት መኪና አይሆነኝም።"

ጋሽ ትንፋሽ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። እውነት ተናግራለች። ሽቦም ወዲያ ዞረ። አንድ ሰው ትክክል ሆኖ ሌላ ሰው የሚጎዳበት ሰዓት አለ፤ ያን ሰዓት የቀመሰው ያውቀዋል።

መጋረጃው ተገለጠ። ሚስትየው ሻይ በትሪ ይዛ ወጣች፤ አፏ ላይ መርፌ ይዛ ስለነበር መጀመሪያ እሱን አንገትጌዋ ላይ ሰካችው።

"ሁሉን ሰምቻለሁ። ኮምፕረሰሩ ዛሬ ዝም ስላለ ሥራ ስትፈቱ ይሰማኛል።"

"ሥራ አልፈታንም፤ ሳጥኗ ሞታለች" አለ ሽቦ።

"ማን ገነዛት?" ሻዩን አደለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንኳ ታምሜ በአፌ ስነግርህ አላምን ብለህ ጫን አድርገህ ነው ያረጋገጥከው። ዛሬ ምን ነክቶህ ነው መሣሪያ ያለውን ሰምተህ የምትቀመጠው?"

ለቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን ብርጭቆውን ሳይቀምሰው ደረጃው ላይ አስቀመጠ።

"ሽቦ፣ ያችን መሣሪያ ይዘህ ና።"

የፊት ግራው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለና የመንፊያዋን ክዳን ፈትቶ ጫፏን ጫን አደረጋት። አየር ፉጨቱን ለቀቀ። "ጠይቀው" አለ። ሽቦ ጠየቀ፤ ቁጥሩ ወርዷል። "ይህ ሐቀኛ ነው።" ወደ ቀኙ ሄዱ፤ እሱም ወረደ። የኋላ ግራውም ወረደ። አዲሱ ጎማ ዘንድ ደረሱ። ፉጨት። "ጠይቀው።"

"እንደነበረ ነው" አለ ሽቦ።

አሁንም ፉጨት፤ ረዘም ያለ።

"እንደነበረ ነው።"

ጎማው ሆዱ ተለጥጦ መሬት ላይ ተኛ፤ መሣሪያው ግን ሙሉ ነኝ ይላል። ሹፌሯ ከደረጃው ተነሳች።

"ሴንሰሯ ተበላሽታለቻ" አለ ሽቦ።

"ብትበላሽ ዝም ትላለች። ይህች እየተናገረች ነው፤ የምትናገረው ግን ስለዚህ ጎማ አይደለም።"

መሣሪያውን ከሽቦ እጅ ወስዶ ከጎማው ትንሽ ራቅ አደረገው፤ መለሰለት። ወደ መኪናዋ ጅራት ሳብ አደረገው፤ መለሰለት። ጎንበስ ብሎ ወለሉ ሥር አስገባው፤ አሁንስ ወዲያው መለሰለት። ካርቶኑ ላይ እንደገና ተጋደመና ቀና ብሎ አየ። ቅድም የሳጥኗን ሽቦ በጣቱ ሲከተል የነበረበት ቦታ፣ ልክ ከአፍንጫው በላይ፣ ስኮርታው ተንጠልጥሏል፤ ለክፉ ቀን የሚያዘው ትርፍ ጎማ። የሱን መንፊያ ጫን አደረገ። ፉጨት። ጠየቀ። ቁጥሩ ወረደ።

መኪናዋ ሥር ሳቅ ተሰማ።

"ምን አገኘህ?" አለች ሹፌሯ ተንበርክካ።

"የጠፋውን ምላስ። ይህን እዚህ ማን ሰቀለው?"

"እኔ ነኛ።"

"መቼ?"

"በዚያው ቀን፣ ልክ ከመታጠቧ በፊት። በሽተኞቹን ጭኜ ጎማ ተነፈሰብኝ፤ የኋላው ቀኝ። ለማንም ሳልደውል መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ስኮርታውን ገጠምኩ። ስኮርታው ለካ አንድም ቀን መሬት ያልነካ አዲስ ነው። የተነፈሰውን መንገድ ዳር አስለጥፌ ሰቀልኩት።"

"አልመለስሽውም?"

"ለምን እመልሰዋለሁ? አዲሱ ጎማ ከኋላ፣ አሮጌው ስኮርታ። አንተ አይደለህ ያልከው? ስኮርታ እንደ ሥራ ጎማ ይሞላ፣ የሚፈለግበት ቀን አይታወቅም ያልከውስ? አስተካክዬ ሞላሁት።"

"ቅድም ለምን አልነገርሽንም?"

"የጠየቅከኝ ምን ተበላሸ ብለህ ነው። ይህ ምኑ ነው ብልሽት? በሽተኞቹ እንኳ አጨበጨቡልኝ።"

ነገሩ ይኸው ነበር። ስኮርታ የነበረው አዲሱ ጎማ ቀድሞም ሴንሰር አልነበረውም። ሴንሰር ያለው አሮጌው ጎማ ወለል ሥር ተሰቅሏል፤ ጎማ ካልተሽከረከረ ደግሞ ሴንሰር ባትሪዋን ለመቆጠብ ትተኛለች። መኪናዋ ስትሄድ ሳጥኗ የሦስቱን ትሰማለች፣ አራተኛውን ስትጠብቅ ቆይታ መብራቷን ታበራለች። ሽቦ መሣሪያውን ኋላ ቀኝ ላይ ሲደቅን ቅርብ የነበረችው የስኮርታው ሴንሰር ከእንቅልፏ ነቅታ አቤት አለች። ሹፌሯም ስኮርታውን ከሌሎቹ እኩል ስለሞላችው ቁጥሩ አላጋለጠም። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ዋሉ። ሳጥኗ ንጹሕ ናት፤ ያለጥፋቷ ልትቀበር ነበር። ሁለቱ ትምህርቶች የጋሽ ትንፋሽ ናቸው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ተባብረው አስተማሪውን ራሱን አታለሉት። አዲሱን ጎማ አይቶ ከየት መጣ ብሎ በመጠየቅ ፈንታ ጎበዝ ብሎ ነበር ያለፈው።

"ጋሽ ትንፋሽ" አለ ሽቦ፣ "ልጅቷ ባትታዘዝህ ኖሮ ይሄኔ ሻያችንን ጠጥተን ነበር።"

"ታዛዥ ዘመድ አይስጥህ" አለ እሱ ዓይኑን እየጠረገ። "ትምህርቱ ጎማ ዝምተኛ በነበረበት ጊዜ የወጣ ነው። አርጅቷል። እኔም ሳድሰው አልነበርኩም።"

ሹፌሯ መሳቅ ፈልጋ ገና አላመነችም። "ታዲያ አሁን ቶሎ አሮጌውን ወደ ቦታው እንመልሰው።"

"መመለስማ ይቻላል፤ ያኔ አዲሱ ጎማ ተሰቅሎ ይኖራል፣ በሽተኞችሽ ጥርሱ በተላጨው አሮጌ ይሄዳሉ። የለም። የአሮጌውን ምላስ አውጥተን ለአዲሱ እንስጠው። ክሪኩን አምጪ።"

ሁለቱንም አወረዱ። የአሮጌውን ጎማ ከንፈር ከቸርኬው ሲያላቅቅ ብረቱን ከመንፊያዋ በተቃራኒ በኩል አስገባ፤ አንዴ ሰባብሮ የተማረው ነው። ሴንሰሯን ፈትቶ አወጣት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፣ በአዲሱ ቸርኬ ውስጥ አስቀምጦ አሰረ። ኮምፕረሰሩ ሳሉን ለቀቀ፤ ከመጋረጃው ወዲያ የስፌቱ ድምፅ ቆመ። አራቱንም፣ ስኮርታውንም እንደገና ሞሉ። ሹፌሯ ብሎኖቹን ራሷ አጠበቀች፤ እሱ ቆሞ አየ፤ አንዱንም ደግሞ አልነካም።

አብረው ወጡ። እሱ አሮጊቷ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። መብራቷ እንደልማዷ አርገበገበችና በርታ ቀረች። ሹፌሯ መንገዱን ትታ እሷን ታያለች።

"ፊት ለፊት እዪ" አላት። "ሴንሰሯ ተኝታ የከረመች ናት፤ እስክትነቃ ታገሻት።"

ዳቦ ቤቱን አለፉ። የትምህርት ቤቱን አጥር አለፉ። ትልቁ መንገድ ላይ ወጥተው ከቆሻሻ መኪና ኋላ እየተጎተቱ ሳለ ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ድምፅ የላትም፤ ዝም ብላ ጠፋች።

"ጋሼ" አለች።

"አየሁ።"

አደባባዩ ላይ ስትደርስ ወደ ቤት በሚወስደው አልታጠፈችም፤ ቀጥ አለች።

"ወዴት ነው?"

"አንድ ዙር ልጨምር።"

"ጠፋች እኮ፣ ምን ትፈትኛለሽ?"

"ልፈትን አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው።"

እሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክርኑን አወጣ። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ጎማ ሞልቶ የላከ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ በሞላው ጎማ ላይ ተቀምጦ ከተማውን አየ። መብራቶች እየበሩ ነበር። መኪና ሥር የጀመረውን ማንጎራጎር ቀጠለ።

በነጋታው ሚኒባሱ ምርመራውን አለፈ። መርማሪው ቁልፉን አዞረ፣ መብራቶቹ በርተው ጠፉ፣ ማኅተሙን መታ፤ የሚወራ ነገር የለውም። አለቃው እንኳን ደስ አለሽ አላለም፤ አለቆች ይህን ቃል ለቀብራቸው ቀን ያስቀምጡት ይመስል። መስመሩ ግን የሹፌሯ ሆኖ ቀረ፤ ከምርመራው በቀጥታ ሕሙማኗን ልታነሳ ሄደች።

ጋሽ ትንፋሽ ዘንድ አንድ ነገር ተለውጧል። አሁን መኪና ሲመጣለት ጎማውን ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ምን ተበላሸ ብሎ ሳይሆን ምን ነካካችሁ፣ ምን ቀየራችሁ፣ ምን ሠርታችሁ ጎበዝ ተባላችሁ ብሎ። አንዳንዱ ይቆጣል። "ፖሊስ ነህ እንዴ? ነፍተህ ስጠኝ" ይለዋል። እሱ ይነፋል፤ እየነፋም መጠየቁን አይተውም። ሚስቱ ከመጋረጃው ወዲያ፣ "ንገሩትና ተገላገሉ፤ እኔ ካገባኝ ጀምሮ እየነገርኩት ነው" ትላለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ብዙው ሰው ደብቆ አይደለም የሚጎዳው። በሽታ መሆኑን ሳያውቅ፣ እንዲያውም ሙያ መስሎት፣ ሳይናገረው ይቀራል። ጠያቂውም የብልሽቱን ብቻ ይጠይቃል። መሀል ላይ ንጹሑ ዕቃ ይወገዛል፣ መብራት ይቆረጣል፣ ሰው እንጀራውን ያጣል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ መኪናችሁን ለጎሚስታችሁ ስትሰጡ ቁልፉን ወርውራችሁለት ስልካችሁ ላይ አታቀርቅሩ። አጠገቡ ተቀመጡና ከመጨረሻው ጊዜ ወዲህ የቀየራችሁትን፣ የነካካችሁትን፣ በተለይ ራሳችሁ አሳምራችሁ የሠራችሁትን፣ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።